የጋሼ ኪዳነወልድ ሳል

አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ሰገነት ሸማ ተራ ስትደርስ ጋሼ ኪዳነወልድ ሱቃቸው ውስጥ የጋቢ ክምር እንደተደገፉ አርፈዋል። እግራቸው ሥር ያለው የሻይ ብርጭቆ የተባይ መርዝ ይሸታል። ደግማ ስታሸተው ዝንጅብልም አለበት።

የወንድማቸው ልጅ ዘመድኩን ዓይኑን እያበሰ ቀረበ።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት። ጅማ ልሄድ ስል ሳንባቸው ላይ እባጭ ታይቶ ነበር። ካንሰር ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ።»

«መቼ አየሃቸው?»

«አላየኋቸውም። ዛሬ ገና ከጅማ መግባቴ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ብመጣ በሩ ዝግ ነው፤ ከውስጥ ያ ሳላቸው ያጣድፋቸዋል። ይረፉ ብዬ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ፤ እስክትደውሉልኝ እዚያው ነበርኩ።»

«ጅማ ምን ያህል ቆየህ?»

«ወር አለፈኝ።»

ባለቤታቸውን እትዬ ጤናዬን ከሞቱ በላይ ያቃጠላቸው ሌላ ነበር። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ያስቀደሰ ሰው ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው?» አሏት። ሰገነት ግን ማንንም አላመነችም፣ እሳቸውንም ጭምር።

ከሟቹ ኪስ የሳንባ ምርመራ ወረቀት አግኝታ ለሐኪማቸው ለዶክተር ሱንዱስ ደወለች።

«አምስት ሚሊ ሜትር ናት» አለች ዶክተሯ። «እንዲህ ያሉ ትናንሽ እባጮች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ የድሮ ቁስል ጠባሳም ሊሆኑ ይችላሉ። ከዓመት በኋላ ደግመን እናያታለን ስላቸው እየሳቁ ነው የወጡት።»

«ሳሉስ?»

«እሱ የደም ግፊት ክኒናቸው ያመጣው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀየርኩላቸው።»

አስከሬኑን ያገኘው የጎን ነጋዴ ኸይረዲን ነው። «ወላሂ፣ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ያ ሳል ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ። ናፈቀኝ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘመድኩን የፋብሪካ ጋቢ በእሳቸው ስም የእጅ ፈትል ነው እያለ ይሸጣል። ነገ ለተራው ሁሉ እናገራለሁ ብለውኝ ነበር።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዘመድኩን ግን እስኪያድርም አልጠበቀ። ሰገነት እሱን፣ እትዬ ጤናዬንና ኸይረዲንን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። የሚቀጥለውን ዓመት ቀጠሮ በገዛ እጃቸው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፈዋል። አንተ ደግሞ ዘመድኩን፣ የሌለ ሳል ሰማሁ አልክ። በሕይወት ትተሃቸው የሄድክ እንዲመስል ነው። ዝንጅብሉስ? ሳሉ እንደለቀቃቸው ተራው ሁሉ ያውቃል። የሳል ሻይ አፍልቶ የሚያመጣላቸው ወሩን ሙሉ እዚህ ያልነበረ ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ድኛለሁ አይሉኝም ነበር?» ዘመድኩን ጮኸ። «ምንም ሳይሉኝ ነው የጠጡት…»

ያለውን የሰማው ራሱ ዘግይቶ ነው።

«እንዳታፍር ብለው ነዋ» አለች ሰገነት። «ልጄ አስቦልኝ አመጣ ብለው ነው የጠጡልህ።»

እትዬ ጤናዬ ዘመድኩንን ዞረውም አላዩት። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉና ወደ በሩ አመሩ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ኪዳኔ ፍትሐት አለው።»