የሰሊሃ ክሬም እና የፏፏቴው ውሃ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ፈረንጅ መስላኝ ነበር።

ያዕቁብ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከአልዩ አምባ ከፍ ብሎ ካለ ፏፏቴ ሥር አንድ ሰፊ ኩሬ አለ። የዚያን ቅዳሜ ለምርመራ ውሃ በጠርሙስ ስቀዳ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ዳር ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ትታጠባለች። ነጭ ቅባት ከእጇ ወደ ውሃው ይወርዳል። ቆዳዋ ነጭ፣ ከሻሿ ሥር ያመለጠው ፀጉሯም ቢጫ ነው።

«ሄሎ! ኖ ክሬም! ኖ...» አልኳት እጄን እያወዛወዝኩ።

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«ወንድሜ፣ በአማርኛ ብትሞክር ይሻልሃል። የሸህ ዘይኑልአቢዲን ልጅ ነኝ። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሰሊሃ ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት። ቆዳንና ፀጉርን ከሚያነጣው ከአልቢኒዝም ጋር ነው የተወለደችው።

«ያለዚህ ክሬም ፀሐይ ትጠብሰኛለች» አለችኝ። «ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ አላጠፋሽም። ግን ክሬሙ ውስጥ ያለው ኬሚካል ውሃ ሲገባ እንቁራሪቱንም ዓሣውንም ሊጎዳ ይችላል።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ቤቴ በሳፋ እታጠባለሁ። እጣቢውንም ከውሃው ርቄ አፈር ላይ እደፋለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። እኔም ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ለናሙና ብዬ እወርዳለሁ... ናሙናው ግን በወር አንዴ ይበቃ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ውጤቱን ለቀበሌው ስብሰባ አቀረብኩ። በየእሑዱ በመኪና የሚመጡት ጎብኚዎች ክሬም ተለቅልቀው ኩሬው ውስጥ ይዘላሉ። ልናገር ያሰብኩት ስለነሱ ነበር። «ውሃው ውስጥ የፀሐይ ክሬም ኬሚካል ተገኝቷል» ከማለቴ ግን አንድ ሰው ብድግ አለ።

«እዚህ አገር ክሬም የምትቀባው አንዲት ናት! ከብቶቻችን የሚጠጡትን እሷ ናት የምትመርዘው!»

ሰው ሁሉ ወደ ሰሊሃ ዞረ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

በሳፋ እንደምትታጠብ አውቃለሁ። ብናገር ግን «ወዷት ነው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰብሳቢው «ወደ ቀጣዩ ነጥብ» ሲል ገጹን ገለጥኩ።

ሰሊሃ ተነስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳችም። ቤቷ ብሄድ አባቷ «ልጄ ማንንም አታይም» ብለው መለሱኝ። በአምስተኛው ወር እህቷ ሰአዳ ደወለች።

«ያዕቁብ... ክሬሙን ጥላዋለች። ‹ውሃ መራዥ ከምባል ፀሐይ ትብላኝ› አለች። ጆሮዋ ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏል።»

መኪና ይዤ በረርኩ። ሰአዳ ሰሊሃን ለምና መኪናው ውስጥ አስገባቻት፤ የአንኮበርንም ዳገት ወጣን። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያለው ሐኪም መርምሮ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ አስቀመጠን።

«ቁስሉ የቆየ ነው፤ ፀሐይ አባብሳዋለች። ካንሰር ነው። ደግነቱ አልተሰራጨም።»

የግራ ጆሮዋን ግማሽ ቆረጡት።

በቀጣዩ ጁምዓ ሸህ ዘይኑልአቢዲንን አስፈቅጄ፣ ሶላት ሲያበቃ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቆምኩ።

«ሰሊሃ ውሃውን አልበከለችም። ጉዳዩን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ በሳፋ ነው የምትታጠበው። ይህን እያወቅሁ እፊታችሁ ዝም አልኩ። ወድጃት ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። አዎ፣ እወዳታለሁ! ዝምታዬ ግን ጎዳት።»

ያ የከሰሳት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤቷ ድረስ ሄደ። «አውፍ በዪኝ፣ ልጄ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ክሬም ተቀብቶ ኩሬው እንዳይገባ የሰፈሩ ሰዎች በየተራ ይጠብቃሉ። መዋኘት የፈለገ እጅጌ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይገባል። ውሃው እስኪያገግም ግን ጊዜ ይፈልጋል።

እኔም በዚያው ሰሞን ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ጆሮዋ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«የዚያን ቀን ብትናገር ጆሮዬ ይተርፍ ነበር?»

ማጽናናት ፈለግሁ... አልቻልኩም።

«አላውቅም፣ ሰሊሃ። ሊተርፍ ይችል ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂድ አሁን።»

ሄድኩ። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳልደውልላት ቆየሁ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ያዕቁብ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ረሳሁት ግን አልልህም። እንደዚህ ሆኜ ከእኔ ጋር መኖር ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኩ።

ኒካሃችን ከአረፋ በኋላ ታሰረ። አሁን ደብረ ብርሃን ነን፤ ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ያያታል፤ ሁለታችንም ቀኑ ሲቀርብ እንቅልፍ የለንም። ጠዋት ጠዋት ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ጠባሳ ክሬም የምቀባላት እኔ ነኝ። ጣቴ ሲነካት አንዳንዴ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«አመመሽ?» እላታለሁ።

«አላመመኝም... ቀጥል» ትለኛለች።