የሠላሳኛው አጉ ሆድ

ቢላው አጉ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ ሆድ ሲሰነጥቀው ሌላ ሙሉ ዓሣ ዱብ አለ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ጎኑ ብርማ ነው።

«በቃ፣ አሸነፍን» አለች ሰልጊ፣ በስልኳ ፎቶ እያነሳች።

ቦራም አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። የብርዱን ወራት ሙሉ ሁለቱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ማሳን ከተማ ያለው ዓሣ ገበያ እየመጡ፣ ዓሣ ሻጯ እማማ ማልሱን ከሚቆርጧቸው አጉዎች ሆድ የተገኘውን ሲመዘግቡ ከረሙ። ይሄ ሠላሳኛው ነው። ሥራው ነገ ለሳይንስ ውድድር ይገባል፤ ያሸነፉት ጓደኛሞች በምርምር መርከብ አንድ ሳምንት ይሳፈራሉ። ቦራም ያንን መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ማየት ከጀመረች ስንት ዓመቷ።

አጉ ደግሞ የሚታይለት ሥራ የለውም። ባሕሩ ወለል ላይ አሸዋ መስሎ ይተኛል፤ እግዜር ግንባሩ ላይ የተከለለትን ቀጭን ዘንግ ወዝወዝ እያደረገ፣ ጫፉ ምግብ መስሏት የምትመጣ ዓሣ ይጠብቃል። ከሃያ ዘጠኙ ሆዶች ሃያው ባዶ ነበሩ። ባዶ ሆድ ማን ይሸልማል ብላ ሰልጊ አስቀድማ ለመምህሩ ርዕስ ልካለች፤ አጉ ላይ ላይ የሚዋኙ ፈጣን ዓሦችንም ያድናል የሚል።

እማማ ማልሱን የወደቀውን ዓሣ በጓንታቸው አገላበጡት።

«ይሄማ መረብ ውስጥ የዋጠው ነው» አሉ። «ቅርፊቱን እዪው ልጄ፣ አንዷም አልለቀቀች። ሆድ ውስጥ ያደረ እንዲህ አያበራም። መረቡ ሲጠብ አፉ ላይ የደረሰውን ሁሉ ይውጣል። እዚያ ታች ቢሆን ይሄ ላይ ላይ የሚዋኝ ዓሣ መች አጠገቡ ይደርስ ነበር?»

ቦራም ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች። ምግብ ከተገኘባቸው ዘጠኙ ሆዶች በአምስቱ አጠገብ በገዛ እጇ «የሚያበራ» ብላ ጽፋለች። ያኔ ደስ ብሏት ነበር።

«ባክሽ አታካብጂ» አለች ሰልጊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሆዱ ውስጥ ተገኘ፣ አይደል? የቱ ጋ ዋሸን?»

ቦራም ደብተሩን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። ከዚያ ሰልጊን እስክሪብቶ እንድትሰጣት ጠየቀቻት። ሰልጊ እስክሪብቶውን ኪሷ ከተተችው።

እማማ ማልሱን ዋጋ የሚጽፉበት ቀይ ማርከር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቦራም አስፈቅዳ አነሳችው። አምስቱን አንድ በአንድ እየከበበች «መረብ ውስጥ» ብላ ጻፈች። ሠላሳኛውን ከመዘገበች በኋላ እጇ ቆም አለ፤ መርከቡ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

እሱንም ከበበችው።