አራት ሰው የተሸከመው አዞ

አራቱ ሰዎች አዞውን አሸዋው ላይ ዘፍ ሲያደርጉት፣ ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ጥርሱን ሳይሆን ተሸካሚዎቹን ነበር። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ግን እየተሳሳቁ ነው።

«ቀሏቸዋል» አለች በልቧ።

ያገኘችውን ሁሉ ስለምትለካ ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል። ዛሬም እጇ አላረፈም። በሰው እግር መሃል ሾልካ ገባችና የአዞውን ጭንቅላት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ማጅራቱ በስንዝሯ ለካች። ሁለት ስንዝር፤ አርባ ሴንቲ ሜትር። የባዮሎጂ መምህራቸው እንዳስተማሩት የአዞ ርዝመት የጭንቅላቱ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ሁለት ሜትር ከሰማንያ።

አዞውን የገደለው አዳኝ ጠመንጃውን እንዳነገተ ከጎኑ በእርምጃ እየለካ ተራመደና «አምስት ሜትር» ብሎ አወጀ። አረማመዱ ግን አስከሬን የሚያጅብ ሰው አጭር አረማመድ ነበር።

«በቃ፣ ጥጃዋን የወሰደው ይሄ ነው» አሉ የጀልባ ማቆሚያው ኃላፊ። «ነገ ጠዋት እንከፍታለን።»

ዓሣ አጣቢዎቹ ሴቶች እፎይ አሉ። የሜትር እናትም ከመሃላቸው ነበረች። አዞ ከወንዙ ዳር ጥጃ በመውሰዱ ማቆሚያው ከተዘጋ አምስት ቀኑ ነው፤ ሥራቸው ደግሞ እስከ ጉልበት ወንዙ ውስጥ ቆሞ የዓሣ ሆድ መቅደድና ማጠብ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ አይደለም» አለች ሜትር።

«ማን ነገረሽ?»

«እኔና ጓደኛዬ ሬዲዮ ጥጃዋ በተወሰደች ማግስት ከዳገቱ ላይ ሆነን አይተነዋል። ከእንጨት መረማመጃው ጎን ተንሳፍፎ ነበር። ጭንቅላቱ ብቻ የመረማመጃውን አራት ሳንቃ ያህላል። የአንዱ ሳንቃ ስፋት አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። ስለዚህ አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። ክብደቱ ደግሞ የዚህ አራት እጥፍ ነው።»

«ርዝመቱ እጥፍ ሳይሞላ ክብደቱ አራት እጥፍ?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «ሒሳብሽም እንደ አዞ፣ አፍ ብቻ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ።

«ሲረዝም እኮ ይሰፋል፤ ይወፍራልም። ይሄን አራት ሆናችሁ ተሸከማችሁት። ያኛውን ለማንሳት አሥራ ስድስት ሰው ያስፈልጋል።»

ተሸካሚው መሳቁን ተወ። ኃላፊው ግን ወደ ሬዲዮ ዞሩ። ሬዲዮ የሜትር ጓደኛ፣ የአዳኙም ልጅ ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ወሬ ስለማያልቅባት ነው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ያያችሁት ይሄን ነው?»

የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«እሱ ነው» አለች ባጭሩ።

ሰው ሲበተን ሜትር ተጠጋቻት። «ምን ነካሽ? ሳንቃውን አብረን አይደል የቆጠርነው?»

«አታካብጂ በናትሽ» አለች ሬዲዮ መሬት መሬት እያየች። «አባዬን ሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?»

አመሻሽ ላይ የሜትር እናት ደጃፍ ተቀምጣ ቢላዋ ትስል ነበር።

«እማ፣ ነገ ውሃው ውስጥ አትግቢ።»

«አምስት ቀን ቁጭ አልኩ እኮ ልጄ። ነገ ብቀር ቦታዬን ሌላ ትይዘዋለች።»

«አላመንሽኝም ማለት ነው።»

እናቷ የቢላዋውን ስለት በአውራ ጣቷ ፈተሸች። «አምኜሻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ባላምንሽ ይሻለኝ ነበር። በይ ግቢና አጥኚ፤ የነገው የሒሳብ ፈተና አይደል?»

ሜትር ገብታ ደብተሯን ገለጠች። አርባ ሲባዛ በሰባት። ስድሳ አራት ሲባዛ በሰባት። ደጋግማ አሰላችው፤ መልሱ አልቀነሰም።

ጠዋት እናቷ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ውስጥ ስትቆም፣ መረማመጃው ላይ ኮቴ ሰማችና ቀና አለች። ሜትር የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ የድስት ክዳን፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች።

«ፈተናሽስ?»

«ሌላ ቀን ይሰጡኛል» አለች፤ እንደማይሰጧት እያወቀች።

አዞ ውሃ ሥር ሳይተነፍስ ረጅም ጊዜ እንደሚቆይም ታውቃለች። ድፍርሱን ውሃ ከላይ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን ማስላት አልቻለችም። አራተኛው ሳንቃ ላይ ተቀመጠችና፣ አዞው ብቅ ካለ መትታ ልታስጠነቅቅበት ክዳኑን ጭኗ ላይ አደረገች።

የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተደወለ። ሜትር ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም።