ወደ ብሩ ጉድጓድ የወረደው መብራት

ኢንስፔክተር ሰናይት ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳ ግቢው ስትደርስ የሽማግሌው አስከሬን መደብ ላይ ተጋድሞ ነበር። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ዕድሜ ልካቸውን ጠገራ ብር ሲሰበስቡ የኖሩ፣ ባንክን ከሌባ የማይለዩ ሰው ነበሩ። ብራቸውን በስልቻ አድርገው ከማሽላ ጉድጓዳቸው ሥር ይቀብሩታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዚያው ጉድጓድ ሬሳቸው ወጣ።

ደጃፉ ላይ አንድ ሰው የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ታመነ ይባላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ፣ ሚስቱንና ልጁን ደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያ አስቀምጦ፣ እዚህ በቀን ሥራ የሚያድር ነው።

«ገዳዩ ይኸውልዎት» አለ የሟች ልጅ አለምነህ። «አባቴ አጠገብ ተዘርሮ ነው የያዝነው። ኪሱ ውስጥም ጠገራ ብር ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለችው ሰናይት። «ጉድጓዱን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ብሩ እዚያው ሥር ነው። ሰው እንዳይነካው ብዬ ክዳኑን መልሼ በጭቃ መረግኩት።»

አባቱ ሳይቀበሩ ብሩን መቅበሩ አስገረማት። የሟቹን ነጠላ ገለጥ አድርጋ አየች። አንገታቸው ላይ የጣት ምልክት የለም። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቀኝ እጃቸው አንድ ጠገራ ብር እንደ ጨበጠ ደርቋል፤ ብሩም ከድስት ቂጥ አይሻልም።

ከደብረ ብርሃን የመጣውን የብርና የወርቅ ነጋዴ ወገኔን ጠርታ፣ ይህንንና ከታመነ ኪስ የተገኘውን አሳየችው። ወገኔ ሁለቱንም ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፃቸውን አዳመጠ።

«ሁለቱም ደህና የማርትሬዛ ጠገራ ናቸው። ይህ ጥቁሩ ግን ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ነው። የታመቀ ማሽላ ብር ያጠቁራል ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው! የታመነ ነጭ ነው፤ ደግሞም ተበስቷል። አንገት ላይ የኖረ እንጂ ትናንት ከጉድጓድ የወጣ አይደለም።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ወገኔ። ቀጥሎ ግን አንገቱን ደፋ። «እኔንም የጠሩኝ ለሴት ልጃቸው ለትርሲት የአንገት ድሪ ሊያሠሩላት ነበር። ትንሽ ብር ከጉድጓዱ አወጣለሁ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ታመነ እስኪፈቱት ድረስ ቀና አላለም። «ያን ብር እሳቸው ናቸው የሰጡኝ፤ የባለቤታቸው ነበር። ለልጅህ አንገት ይሁን አሉኝ።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ለምን ገባህ?»

«ክዳኑን አብረን አነሳንና እንጨት እንዳመጣ ልከውኝ ሄድኩ። ስመለስ ብጣራ፣ ብጣራ ዝም። ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ፤ ወገባቸውን በገመድ አስሬ ወጣሁና ጎተትኩ። ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ወደቅኩ። እስካሁን ራሴን ይፈልጠኛል እመቤቴ።»

የታፈነ ሰው አነጋገር ነው። ቢሆንም አንድ ምስክርነት እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ የሟች ሴት ልጅ የትርሲት ቃል።

ትርሲት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣ አምና እናቷ ስትሞት አባቷን ልትጦር የመጣች ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አየሩማ ደህና ነበር» አለች። «ወደ ጉድጓዱ የወረደ መብራት ከጠፋ አይገባም፣ ካልጠፋ ይገባል፤ የቤታችን ደንብ ነው። እናቴ የምታደርገውን እኔ አደረግኩ። በገመድ አወረድኩለት፤ አልጠፋም። አባዬ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ከዚያ ሂጂ አለኝ፤ ብሩን ሲነካ ሰው እንዲያየው አይወድም።»

«ሰሙ አይደል?» አለ አለምነህ። «አየሩ ደህና ከሆነ ሰው ነው የገደለው!»

ሰናይት ውሃ ልጠጣ ብላ ጓዳ ገባች። ግድግዳው ላይ ኩራዝ ተሰቅሏል፤ ክሩ ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። ከሥሩ በፀሐይ የሚሞላ ነጭ የባትሪ መብራት ተቀምጧል። መንጠልጠያው ላይ የገመድ ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮው ውስጥ የማሽላ ፍሬ ተሰክቷል።

እዚያው ቆማ ቀረች። ሃያ ዓመት ሙሉ እውነትን ስታገኝ ደስ ይላት ነበር፤ ይህን ግን ባላገኘሁት ብላ ተመኘች። ዝም ብትል ትርሲት ተኝታ ታድራለች። ዝም ብትል ደግሞ ታመነ ወህኒ ይወርዳል፤ መጠለያ ያለችው ሕፃን ያለ አባት ትቀራለች። ወጥታ አለምነህን ለብቻው ያዘችው።

«ክሱን ተወው። ታመነ አልገደለም፤ ቃሌን እመን።»

«ማን እንደ ገደለ በሰው ፊት ካልነገሩኝ አልተውም!»

ሁሉም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። ጭቃው ተፈነቀለ፤ ክዳኑ ተነሳ። ጎምዛዛ ሽታ ወጣ።

«በጋሽ ኃይለ ገብርኤል አንገት ላይ ምልክት የለም» አለች ሰናይት። «የታመነ ብር ከዚህ ጉድጓድ አልወጣም፤ ወገኔ መስክረዋል። ስልቻውም እዚያው ነው። ታመነ አባታችሁን ለማውጣት ሲል ራሱ ሊሞት ነበር። የቀረው መብራቱ ነው።»

ኩራዙን ለኩሳ በገመድ አወረደችው። መሐል ላይ ሲደርስ ነበልባሉ ቀጨጨ፤ ወዲያው ድርግም አለ።

«የድሮ ሰው መብራት የሚያወርደው ለማየት አይደለም። እሳትም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። እሳት ከሞተ ሰውም ይሞታል ማለት ነው።»

ከዚያ ነጩን መብራት አበራችና አወረደችው። እስከ ታች ደረሰ። ስልቻውን፣ ማሽላውን፣ የሽማግሌውን የወደቀ ቆብ ወለል አድርጎ አሳየ። አልጠፋም።

አለምነህ ወደ እህቱ ዞረና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«የኩራዙ ጭስ ዓይኑን ያቃጥለዋል ብዬ ነው ይህን የገዛሁለት» አለች ትርሲት በቀስታ። «በደመወዜ።»

«አውቃለሁ እህቴ። ወንጀል የለብሽም። ማንም አልገደለም።»

«"በራ?" አለኝ። "በርቷል አባዬ፣ ግባ" አልኩት።» መሬት ላይ ተቀመጠች። «ግባ አልኩት እኮ!»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ታመነ ነበር። ገመድ የላጠውን እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። የተበሳውን ብር ከሰናይት ተቀብሎ ትርሲት መዳፍ ላይ ሊያኖር ሲል፣ ጣቶቹን በብሩ ላይ መልሳ ከደነችበት።

«አባዬ ለልጅህ ነው ያለህ» አለችው።

ከዚያ ፊቷን ከጉድጓዱ አዙራ የሰናይትን ቀሚስ ያዘች።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፤ እሱን መብራት አጥፊልኝ።»