አሜን የሚጠብቀው ፋይል

ሆሳዕና ውስጥ የጠፋ ፋይል ከእኔ አያመልጥም፣ ኖኅ መርከቡ ላይ ፎቶ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ እሱንም ፈልጌ አወጣው ነበር፣ እመኑኝ። መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚሉትን ደግሞ ድሮም አላምንም፣ ሃምሳ ሞልቶኝ አንድ ሽበት የሌለኝ ለዚህ ነው፣ የሚሸብተው ፈሪ ነው እያልኩ የሰው ኮምፒውተር የምጠግን ሰው ነኝ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው፣ አስቴር የምትባል አስተማሪ ከዳምቦያ መጣች፣ እሷ ራሷ በስብሳለች፣ በመዳፏ የጨበጠችው ሚሞሪ ካርድ ግን ደረቅ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሠርጌ ነው። እናቴ ሳትሞት በፊት ለዕለቱ ብላ የመረቀችኝ ድምፅ እዚህ ነበር፣ ሌላ ቅጂ የለኝም። ወንድሜ መዝሙር ልጫንበት ብሎ ፎርማት አደረገው።»

«መዝሙር ከሆነማ ይቅር በዪው።»

«እርስዎ ካወጡልኝ ይቅር እለዋለሁ።»

ፕሮግራሙን አስነሳሁት፣ ፈልጎ ፈልጎ አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ አገኘ፣ ልከፍተው ስል መብራት ጠፋ፣ ጎረቤቴ ያለው ወፍጮ እያቃሰተ ቆመ፣ አምፖሌም ጨለመ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። ባትሪ የሌለው፣ ዝንብ ሽቦው ላይ ብታርፍ የሚጠፋ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው እኮ!

ከስፒከሩ መጀመሪያ ሳል መጣ፣ ቀጥሎ የአሮጊት ድምፅ፣ በከምባትኛ፣ ረጋ ብሎ፣ ዱራሜ ስለተማርኩ እሰማለሁ፣ «ትዳርሽ ይጽና» አሉና ዝም። ፋይሉ ቆመ። ማውሱን ተጫንኩት፣ ደበደብኩት፣ ወይ ፍንክች!

አስቴር ሁለት እጆቿን ዘርግታ «አሜን» አለች። ድምፁ ቀጠለ።

«ጓሮሽ እንሰት አይጣ።» ዝም።

«አሜን።»

«ልጆችሽ ቃልሽን ይስሙ።» ዝም።

«አሜን። እናቴ እኮ አሜን ካልተባለላት አትቀጥልም ነበር» አለችኝ፣ እያለቀሰችም ፈገግ እያለችም።

አበቃ ብዬ ስተነፍስ፣ ሳሉ ተመልሶ መጣ።

«አንተም ልጄ፣ ሽበትህን አትቅበረው፣ ዕድሜህ ይባረክ።» ዝም።

አስቴር ቀስ ብላ ወደ ጭንቅላቴ ዞረች።

«እኔ ሽበት የለኝም» አልኩ፣ ለእሷ ይሁን ለኮምፒውተሩ አላውቅም። ስፒከሩ በስሱ ይተነፍሳል፣ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ እጆቼን ዘረጋሁና «አሜን» አልኩ፣ ኮምፒውተሩም ያኔ ጠፋ።

«ጋሼ፣ እናቴን ያውቋት ነበር?»

«በዓይኔም አይቻቸው አላውቅ።»

መብራት ሲመጣ ፋይሉ በቦታው ነበር፣ ገልብጠን ደጋግመን ሰማነው፣ የእሷ ምርቃት ሙሉ ነው፣ የእኔው ግን የለም። ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ሲከፈት ድንኳኑ ሙሉ አሜን አለ፣ አስቴርም ወንድሟን አቀፈችው፣ እኔ ግን ድምፁ ካለቀ በኋላም ሳሉን እየጠበቅኩ ከኋላ ቆሜ ቀረሁ።

ሴትዮዋ በምን አወቁ? ጠጉሬን ጥቁር ቀለም እቀባለሁ፣ እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን በፊት፣ በር ቆልፌ፣ ሚስቴ እንኳ አታውቅም።