በአንድ ሰከንድ የተቀባ ግድግዳ

ኤዲተሩ ጭንቅላቱን በካሜራ መቆሚያ ተመትቶ ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ባለስቱዲዮው አፍንጫውን ይዞ «ምንጣፉ እኮ አዲስ ነበር» አለ። ኢንስፔክተሯ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሬሳው ሳይሆን እሱ አስጠላት።

ዘበኛው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከውስጥ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰምቷል። በፊት ለፊቱ በር ማንም ሲገባ አላየም፤ የኋላውን በር ቁልፍ የያዙት የሟች እህትና ካሜራማን ባሏ ናቸው። እህትየው እዚያው በኤዲተርነት ትሠራለች፤ ያን ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ስለሆነች በካቴና ታሰረች።

በማግሥቱ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰበች። ባልየው ላፕቶፑን ከፈተ።

«እኔ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ከአርባ ገበያ ስቀርጽ ነበር። ታይም ኮዱን፣ የቀረጻውን ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ አውጥቼላችኋለሁ፤ ካሜራው ከእጄ አልወረደም፣ አንዲት ሰከንድ አልተዘለለችም።» ሚስቱን ሳያይ ጨመረ፦ «እሷና ወንድሟ ሰሞኑን እሳትና ጭድ ነበሩ። ምን ላድርግ?»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ተከታትለው ይሮጣሉ። አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሟል።

«አቁመው! ይሄን ሰውዬ ለቤቴ ፈልግልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «በአንድ ሰከንድ ግማሽ ግድግዳ ቀባ እኮ! እህቴ፣ ይሄ የምን ቁጥር ነው?»

እህትየው ጠጋ ብላ አየች። ድምፅዋ ቀነሰ። «የካሜራው አይደለም። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ራሱ የሚቆጥረው ነው። መነሻህ ሦስት ሰዓት ነው ካሉት ከሦስት ሰዓት ይቆጥራል። የካሜራውም ሊወጣ ይችላል።»

«አውጪልኝ።»

በታሰሩ እጆቿ የላፕቶፑን ቁልፎች ጫን ጫን አደረገች። ከቁጥሩ በታች ሌላ ቁጥር ወጣ። ቀለም ቀቢው ላይ ሲደርስ የላዩ ሳይዘል መቁጠሩን ቀጠለ፤ የታችኛው ከ3፡50 ወደ 4፡30 ዘለለ።

«ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ባልየው ዞራ። «ገበያው ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው። አርባ ደቂቃ መጥቶ ለመግደልም፣ ለመመለስም ይተርፋል። ሁለቱን ቅጂ ገጣጠምክ፤ ካሜራ እንጂ ኤዲቲንግ በደንብ ስለማታውቅ የካሜራው ሰዓት ከሥር እንዳለ አላወቅክም። ሟች መሳቢያው ውስጥ የደበቀውን ቅጂም አይቻለሁ፤ ሙሽሮች ልብስ ሲቀይሩ ተደብቀህ የቀረጽካቸውን። ለእህቱ ሊነግራት ነበር። ያቅለሸልሻል! የባሰው ግን ሚስትህን በካቴና አስቀምጠህ ቁጥር ስታሳየን መዋልህ ነው።»

«ለትዳራችን ብዬ እኮ ነው…» ብሎ እጇን ሊይዝ ሞከረ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች።

ካቴናው ከእሷ ወልቆ እሱ እጅ ላይ ገባ። እህትየው መዳፎቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ሳሙና አለ? ትናንት ከቤት ሲወጣ ኮሌታውን ያስተካከልኩለት በዚህ እጄ ነው።»