የተቀየረው የፔዳል ክንድ

ማክሰኞ ጠዋት ክሎቲልድ ቶኤ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። የማሽላ ገንፎዋን አሙቃ በላች። ግቢዋን ጠረገች። ብስክሌቷን አውጥታ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። ከቤቷ እስከ ቦቦ ዲዩላሶ ፍርድ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። በዚያ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም።

ሐዲዱን እንደተሻገረች ቀኝ እግሯ ባዶ አየር ረገጠ። የፔዳሉ ክንድ ለሁለት ተሰብሮ፣ ፔዳሉ መንገድ ላይ ተንከባለለ።

ብስክሌቱ ዓመት አልሞላውም። ባሏ በሕይወት ሳለ ከሳኑ መደብር ሁለት አንድ ዓይነት ብስክሌቶች በአንድ ቀን ገዝተው ነበር። የሱ ብስክሌት ዛሬም የቤቷን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የመንገድ ዳሩ ጠጋኝ ዳቢሬ ክንዱን ፈታላት። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አሳያት። ብረቱ ውስጡ እንደ ስኳር የፈረፈረ ነበር፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው አላት። ለጊዜው ከባለቤቷ ብስክሌት ፈትቶ ሊገጥምላት ጠየቃት። አይሆንም አለችው። ደግሞ አልጠየቃትም።

ስባሪዎቹን በእጇ እንደያዘች ሳኑ መደብር ገባች። ሳኑ ለንግድ ወደ ባንፎራ ከተማ ሄዷል። ያገኘችው ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውን ራስማኔ ኒኪዬማን ነበር። እሱ ከሞሲ ብሔረሰብ ነው፣ እሷ ከሳሞ። ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ በቀልድ ካልተሰዳደቡ፣ አንዱ ሌላውን «ሎሌዬ፣ ያለህ ሁሉ የኔ ነው» ካላለው ሰላም አልተባባሉም፤ የተቆጣ ይረታል። እርስ በርስ መጎዳዳት ግን ነውር ነው።

«ምነው ውሻ በሊታዋ» አለ ራስማኔ፣ «አጥንት መስሎሽ ነከስሽው እንዴ?»

«ሎሌዬ፣ እመቤትህ ቆማ ጥርስህን አታሳይ። ደረሰኝ ጻፍ።»

እየሳቀ ጻፈላት። ዋስትናው ስላላለቀ ዓርብ ምትኩን እንደምትወስድ ነገራት።

ዓርብ መጣች። ራስማኔ ወንበር አቀረበላት።

«ደህና አረፈዱ፣ ወይዘሮ ቶኤ? ይቀመጡ።»

ሳኑ ከጓዳ ወጥቶ ሁለት የብረት ስባሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። የመደብሩ ዕቃ ሁሉ ጀርባው ላይ ቁጥር ይታተምበታል፤ ያው ቁጥር በዋስትናው ካርድ ላይ ይጻፋል። በዚህ ብረት ላይ ምንም ቁጥር የለም። ሳኑ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ከገበያ የተለቀመ ውራጅ አምጥታ አዲስ ልትወስድ እንደሞከረች ተናገረ። ክንዱን ከፈታላት ጠጋኝ ጋር ሳትመካከር እንደማትቀርም ጨመረ።

«ሰኞ ጠዋት ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እጽፋለሁ» አለ። «የሰው መዝገብ የሚይዝ እጅ እንዲህ ሲያደርግ ዝም አልልም።»

ደብዳቤው ከደረሰ ሥራዋ አበቃ። ክሎቲልድ ይህን ታውቃለች። ስባሪዎቹን አንሥታ ወጣች።

ዳቢሬ ብረቱን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄን የሰበረው መዶሻ ነው» አላት። «የእርስዎ ከውስጥ የታመመ ነበር። ይሄ ጤነኛ ነው፤ ተደብድቦ ነው የሞተው።»

አመነችው። ደግሞም ከዳቢሬ እጅ እስከ መደብሩ ጠረጴዛ ድረስ ስባሪዎቹ ከእጇ አልወጡም። የተቀየሩት መደብሩ ውስጥ ነው። ሳኑ በዕለቱ ከተማ አልነበረም። ተረክቦ ያስቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተሰበረ ክንድ ደግሞ ለዋስትና ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

ደግሞ ወንበሩ አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እያለቀሰ የሚዋሽ፣ እየማለ የሚዋሽ አይታለች። ለሳሞ ሴት ወንበር አቅርቦ አንቱ የሚል ሞሲ ግን አይታ አታውቅም።

ቅዳሜ መደብሩ ሲከፈት ደረሰች።

«ራስማኔ፣ ዛሬም አትሰድበኝም?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ወይዘሮ።»

«ማክሰኞም ሥራ ላይ ነበርክ።»

ራስማኔ መደርደሪያውን መወልወል ያዘ።

«በዋስትና የተመለሱ ስባሪዎች ለፋብሪካው ወኪል የሚላኩበት ካርቶን መቼ ይጫናል?»

«ዛሬ። በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ።»

«ክፈተው።»

ሳኑ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ አለ። ክሎቲልድ የዋስትና ካርዷን ፊቱ ዘረጋችለት።

«ይህ ቁጥር ያለበት ክንድ እዚያ ካርቶን ውስጥ ከሌለ፣ የሰኞውን ደብዳቤ እኔው ራሴ አደርስልዎታለሁ።»

ሳኑ አያት። ከዚያ የካርቶኑን ገመድ በቢላ በጠሰው። ውስጡ አምስት ጥቅል ነበር። አራተኛው ሲፈታ እንደ ስኳር የፈረፈረ ስብራት ወጣ። ሳኑ ብረቱን ገልብጦ ቁጥሩን ከካርዷ ጋር አስተያየ። አንድ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ሌላ ካርድ ነበር፤ ቁጥሩ ያው፣ ስሙ ግን አሴታ ኒኪዬማ። ጽሕፈቱ የራስማኔ ነው።

«ልጅህ አይደለችም?» አለ ሳኑ።

ራስማኔ አልካደም። የአሴታ ብስክሌት አሮጌ ነው፣ ዋስትና የለውም። ክንዱ የተሰበረው ፈተናዋ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ትምህርት ቤቷ ደግሞ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በክሎቲልድ ስባሪ ቦታ ያስቀመጠው ራሱ በመዶሻ የሰበረውን ውራጅ ነው። ክሎቲልድ እንቢ ተብላ ዝም ብላ የምትሄድ መስሎት ነበር። ስለ ደብዳቤው የሰማው ከእሷ ጋር አብሮ ነው።

«ያንቺ የሆነው ሁሉ የኔ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ቀለድኩብሽ» አላት፣ ገና አሁን ቀና ብሎ። «እሱን ለራሴ እየነገርኩ ወሰድኩት። ካርዱን ስጽፍ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።»

ሳኑ ስልኩን አነሣ። ፖሊስ ሊጠራ ነው።

«ይተዉት» አለች ክሎቲልድ። «ከሎሌዬ ጋር ችሎት አልቆምም።»

ሳኑ አዲሱን ክንድ ከመደርደሪያው አውርዶ በገዛ እጁ ገጠመላት። ይቅርታውንም በጽሑፍ ሰጣት። ራስማኔን ግን በዚያው ቀን አሰናበተው። ለአሴታ ብስክሌት ዳቢሬ ከአሮጌ ዕቃዎቹ መካከል አንድ ክንድ ፈልጎ ገጠመ፤ ማን እንዳዘዘው አልተናገረም።

ክሎቲልድ አሁንም በሰዓቷ ፍርድ ቤት ትደርሳለች። አንዳንድ ጠዋት ሐዲዱ ጋ ራስማኔን ታገኘዋለች። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ደህና አደሩ ወይዘሮ» ይላትና ያልፋል።

በመንገዷ ላይ የሚሰድባት ሰው የለም።